የውጭ ቋንቋ የፍቅር ፊልም በሰፈር ሲኒማ ለማሳየት፦ ተመልካቹ በ20ኛው ደቂቃ ተነሥቶ እንዳይወጣ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በለገጣፎ አንድ ትንሽ አዳራሽ ይዞ የፈረንሳይኛ ወይም የኮሪያኛ ተረት ቀመስ የፍቅር ፊልም ለማሳየት የሚነሣ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን አንዴ ሞክሮ ይተወዋል። «ሰዉ እንዲህ ዓይነት ፊልም አይወድም» ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ሰዉ ፊልሙን አላየውም። ከኋላ የተቀመጠው የፊቱን ሰው ጭንቅላት ሲያይ፣ ከፊት ያለው ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ጽሑፍ ሲያሳድድ ነው ያመሸው። በድብድብ ፊልም ይህ ችግር አይጎላም፤ ቡጢ አስተርጓሚ አይፈልግም። ሰው ከደመና ጋር በሚያወራበት፣ ቀልዱ በአንድ ቃል በሚያልቅበት ፊልም ግን ንባቡ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ።

ይህ መመሪያ ከ40 እስከ 80 ሰው ለሚይዝ፣ ወለሉ ለጥ ያለ፣ አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ላፕቶፕ ላለው አዳራሽ የተዘጋጀ ነው። ዝግጅቱን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሩ።

1. ፈቃድ

በቴሌግራም የወረደ ፊልም ለሕዝብ አይታይም። ትኬት ባትሸጡም ለሕዝብ ማሳየት የመብቱ ባለቤት ፈቃድ ይፈልጋል፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ትርጉምም ራሱን የቻለ መብት ነው። ስለዚህ በደብዳቤያችሁ ሁለቱንም ጠይቁ፦ ማሳየትንም፣ የአማርኛ ሰብታይትል (ምስሉ ላይ የሚወጣ የተተረጎመ ጽሑፍ) መሥራትንም። ሁለተኛውን ረስቶ የመጀመሪያውን ብቻ ማስፈቀድ የተለመደ ስህተት ነው።

ደብዳቤው ላይ የአዳራሹን ስም፣ የወንበሩን ብዛት፣ ቀኑን፣ ስንት ጊዜ እንደምታሳዩና የመግቢያ ዋጋውን ጻፉ። ለፈረንሳይኛ ፊልም አልያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝን፣ ለጀርመንኛ ጎተ ኢንስቲትዩትን ቀድማችሁ አማክሩ። ለሌላው በፊልሙ መጨረሻ ስሙ የሚወጣውን አከፋፋይ በኢሜይል ጠይቁ። መልስ ካልመጣ ፊልም ቀይሩ፤ ዝምታ ፈቃድ አይደለም።

ፈቃዱ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ተቀበሉ፦ የፊልሙን ፋይል፣ የመጀመሪያውን ቋንቋ የንግግር ጽሑፍ፣ ካለም የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል ለብቻው። ጽሑፉ ምስሉ ላይ የተጣበቀበት ኮፒ ከላኩላችሁ መልሱትና ንጹሑን ጠይቁ፤ አማርኛው በእንግሊዝኛው ላይ ሲደረብ አይነበብም።

2. ቀንና ሰዓት

እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ጥሩ ነው። 11 ሰዓት ላይ ታልቃላችሁ፤ ብርሃን አለ፣ ታክሲም አለ። የማታ ፕሮግራም ከመረጣችሁ መጨረሻው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አይለፍ፤ ከኮንዶሚኒየሙ ዳር ያለ ሰው የታክሲ ሐሳብ ከያዘው የፊልሙን መጨረሻ አያይም።

ቅዳሜ ማታን ለኳስ ተዉለት። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የቅዳሜ ዋና ጨዋታዎች በእኛ 11 ሰዓት ወይም 12 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፤ ልዩነቱ የሚመጣው እንግሊዞች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚያዛውሩ ነው። ጎረቤት ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ጎል ሲገባ የሚጮኸውን ጩኸት ምንም መጋረጃ አይዘጋውም። በሰሙነ ሕማማት የፍቅር ፊልም አትያዙ። በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያ ሰዓት ላይ አትያዙ።

3. ሰብታይትሉ

ለአንድ ተርጓሚ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት። የ100 ደቂቃ የፍቅር ፊልም ብዙውን ጊዜ ከሺህ በላይ የሰብታይትል ቁራጭ አለው፤ ቁራጭ የምንለው በአንድ ጊዜ ሸራው ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ነው።

*ተርጓሚው ምስሉን ይይ።* ጽሑፉን ብቻ ሰጥታችሁ አታስተርጉሙ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሲናገሩ የነበሩት ወንድ ይሁኑ ሴት፣ አንድ ይሁኑ ብዙ፣ ይከባበሩ አይከባበሩ አይነግረውም፤ አማርኛ ግን ይህን ሳይወስን አንድ ግስ መጻፍ አይችልም። በፈረንሳይኛና በኮሪያኛ ፊልም ሁለቱ ሰዎች ከአክብሮት አነጋገር ወደ ቅርበት የሚሻገሩበት ቅጽበት አለ፤ አንዳንዴ የፍቅሩ መጀመሪያ እሱ ነው። «እርስዎ» ብሎ ሲያናግራት የቆየ ሰው መቼ «አንቺ» እንደሚል ደቂቃውን አስመዝግቡ። ማንነቱ እስከ መጨረሻ የሚደበቅ ሰው ካለ ደግሞ «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ምሥጢሩን ያወጣዋል፤ «የመጣው እንግዳ» እያላችሁም አታምልጡ፣ እሱም ወንድ መሆኑን ይናገራል፤ ዓረፍተ ነገሩን ከሰው ወደ ዕቃ አዙሩት፣ ለምሳሌ «ደብዳቤው ደረሰ»።

*መጠኑ።* በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይውጣ። በአንድ መስመር ከ30 ፊደል አይበልጥ። 60 ፊደል ያለው ጽሑፍ ከ5 ሰከንድ በታች አይቁም፤ አጭር የሆነውም ከአንድ ሰከንድ ተኩል በታች አይጥፋ። ተዋናዩ ሲፈጥን ተርጓሚው ይቁረጥ እንጂ አይከተለው። እንዲህ ዓይነት ፊልም መግቢያው ላይ በጥድፊያ የሚተርክ ድምፅ ይወዳል፤ እዚያ ላይ ከተባለው ሲሶውን መጣል ግዴታ ነው። የቀረው እንዲነበብ ነው የሚጣለው።

*አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቁራጭ።* ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሲከፈል የመጀመሪያው ቁራጭ ትርጉም አይሰጥም፤ ተመልካቹ ግሱን ሲጠብቅ ምስሉ ያመልጠዋል። አሳጥራችሁ ባንድ ቁራጭ ጨርሱት። ቀልድ ሲሆን ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ መቋጫውን ለብቻው ቁረጡና ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ብቻ ይውጣ። አዳራሹ ከተዋናዩ ቀድሞ ከሳቀ ቁርጡ ተሳስቷል ማለት ነው።

*ምስሉ ላይ ያለ ጽሑፍ።* ደብዳቤ፣ የሱቅ ስም፣ በመስታወት ላይ በጣት የተጻፈ ነገር ሁሉ ይተርጎም። የዘፈን ግጥም ታሪኩን የሚገፋ ከሆነ ይተርጎም፤ ካልሆነ ተዉት፣ ሰዉ ምስሉን ይይ።

*ፋይሉ።* ኤስአርቲ (SRT) የሚባለው የሰብታይትል ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ቅርጹ ይህን ይመስላል፦

412
00:38:14,200 --> 00:38:17,600
ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።
ብዕሩ ነው።

ከሰከንዱ በኋላ ያለው የላቲኑ ነጠላ ሰረዝ (,) ነው፤ ነጥብ (.) ብታደርጉት አንዳንድ ማጫወቻ አያነበውም። በሁለት ቁራጭ መካከል አንድ ባዶ መስመር ይኑር። ስታስቀምጡ ኮድ አጻጻፉን (encoding የሚለውን) ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አድርጉት። ተርጓሚው ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ የግዕዝ መተየቢያ ከጻፈ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ያማረው አማርኛ በእናንተው ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ይህ በመጨረሻው ቀን ሲታወቅ መፍትሔ የለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተጻፉትን 20 ቁራጮች ተቀብላችሁ በማሳያው ላፕቶፕ ላይ ሞክሩ።

4. ሸራውና ወንበሩ

ለጥ ባለ ወለል ላይ ሰብታይትል የሚወጣው ጭንቅላት ባለበት ቦታ ነው። የተቀመጠ ሰው አናት ከወለል 1.25 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የሸራው የታችኛው ጠርዝ ከወለል 1.5 ሜትር ከፍ ይበል።

ይህን ከጣሪያው ከፍታ ላይ ቀንሱ፤ የቀረው የምስሉ ቁመት ነው። 3 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ወደ 1.7 ሜትር ቁመት አለው፤ ስለዚህ ከ3.2 ሜትር በላይ ጣሪያ ይፈልጋል። በኮንዶሚኒየም የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ውስጥ ይህ ከፍታ ላይገኝ ይችላል። ያኔ ምስሉን ወደ 2.4 ሜትር ስፋት አሳንሱት፤ ቁመቱ 1.35 ይሆናል፣ በ2.85 ሜትር ታልቃላችሁ። ትልቅ ምስል ግማሹ ተደብቆ ከሚታይ ትንሽ ምስል ሙሉው ቢታይ ይሻላል። ይህን ለአዳራሽ ባለቤት ማስረዳት ያስቸግራል፤ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ አሳዩት።

ወንበሮቹን እንደ ጡብ ደርድሩ፦ የሁለተኛው ረድፍ ወንበር በመጀመሪያው ረድፍ ሁለት ወንበሮች መሃል ይሁን። የመጀመሪያው ረድፍ ከሸራው ቢያንስ 3.5 ሜትር ይራቅ። አግዳሚ ካላችሁ ከፊት፣ የፕላስቲክ ወንበር ከመሃል፣ ረጃጅም በርጩማ ከኋላ። በጎን በኩል አንድ ሜትር መተላለፊያ ተዉ፤ በሩ በማሳየት ላይ ሳላችሁ ከውጭ አይቆለፍ።

ለሸራ አቡጀዲ ይበቃል፣ ነገር ግን ድርብ ይሁን፤ ነጠላው ብርሃን ያሳልፋል። አርጥባችሁ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥራችሁ ቸንክሩት፤ ሲደርቅ ይወጠራል። ግድግዳ ከቀባችሁ በውኃ የሚበጠበጠውን ደብዛዛ ነጭ ቀለም ተጠቀሙ። የዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፤ ፊደሉ መሃል ላይ የመብራት ነጸብራቅ ይተክልባችኋል።

ቀን የምታሳዩ ከሆነ ጨለማው የግድ ነው። የቆርቆሮ አዳራሽ ከሆነ መብራቱን አጥፍታችሁ በሩን ዝጉና አምስት ደቂቃ ውስጥ ቁሙ፤ ዓይናችሁ ሲለምድ የምስማር ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ይታያል። በጥቁር ፕላስተር አንድ በአንድ ድፈኗቸው። መስኮቱን በድርብ ጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ፤ በበሩ ላይ በአንድ ሜትር ልዩነት ሁለት መጋረጃ ስቀሉ፣ የዘገየ ሰው ሲገባ ብርሃን ይዞ እንዳይገባ።

5. ፕሮጀክተርና ፊደል

የፕሮጀክተሩ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) አትመኑ፤ «አንሲ ሉመን» (ANSI lumens) የሚለውን ፈልጉ። ለ2.4 ሜትር ምስል በጨለመ ክፍል 2000 አንሲ ሉመን ከበቂ በላይ ነው። ርቀቱን በፕሮጀክተሩ የርቀት ንጽጽር (throw ratio፣ ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል) አስሉ፦ 1.5 ከሆነ ለ2.4 ሜትር ምስል 3.6 ሜትር ይርቃል።

ፕሮጀክተሩን በሸራው መሃል ትይዩ አድርጉት። ከጎን አስቀምጦ በኪስቶን (የተጣመመውን ምስል ቀጥ በሚያደርገው የፕሮጀክተሩ ቅንብር) ማስተካከል ፊደሉን ያደበዝዘዋል፤ «ሀ»ና «ሁ» በአንድ ትንሽ ጭረት ብቻ በሚለዩበት ጽሑፍ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በፊልም ማጫወቻው ፕሮግራም (ቪኤልሲ፣ VLC፣ በቂ ነው) ውስጥ እንዲህ አድርጉ፦

1. የፊልሙንና የኤስአርቲውን ስም አንድ አድርጋችሁ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ ራሱ ያነሣዋል።
2. በሰብታይትል ቅንብር ውስጥ ኮድ አጻጻፉን ዩቲኤፍ-8፣ ፎንቱን ፊደላችን ያለበት አድርጉ፦ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ሲል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ከሩቅ ሲነበብ የኖቶ ወፍራሙ ይሻላል፤ የኒያላ ቀጫጭን ጭረት ይጠፋል።
3. የፊደሉን ቁመት ሸራው ላይ በሜትር ለኩ። የመጨረሻውን ረድፍ ርቀት ለ150 አካፍሉ፤ 9 ሜትር ከሆነ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ አሳድጉ።
4. ቀለሙ ነጭ፣ ዙሪያው ወፍራም ጥቁር መስመር ይሁን። በበረዶና በነጭ ልብስ ላይ መስመር የሌለው ነጭ ጽሑፍ አይታይም።
5. ምስሉ በጣም ሰፊና ከላይና ከታች ጥቁር ባንድ ያለው ከሆነ ጽሑፉን ከባንዱ አውጥታችሁ ወደ ምስሉ ከፍ አድርጉ። አሁንም ከኋላ የማይታይ ከሆነ ከላይኛው ጠርዝ አሳዩት። መጀመሪያ ያስገርማል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 ሜትር በላይ ሲሆን ምስሉ ብልጭ ድርግም ማለት ሊጀምር ይችላል። ላፕቶፑን ፕሮጀክተሩ አጠገብ አድርጉና የድምፁን ገመድ አስረዝሙ።

6. ድምፅ

ስፒከሮቹ ከሸራው ግራና ቀኝ፣ በጆሮ ከፍታ ወይም ትንሽ ከፍ ብለው ይቁሙ። ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ተመልካቹን ከሸራው ያዞረዋል። ጉርምርምታ ከተሰማ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ ከጠፋ ችግሩ ኧርዝ ነው፣ ቻርጀሩንና ሚክሰሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። የኧርዙን እግር አትቁረጡ።

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ፊልሙን ይበላል። እዚህ ላይ ሰብታይትል ያለው ፊልም ከአማርኛው ፊልም ይሻላል፤ ንግግሩ ባይሰማም ይነበባል። ለክረምት ማሳያ ታሪኩን የሚወስኑ ድምፆችን በጽሑፉ ውስጥ አስገቡ፦ [ስልክ ይጮኻል]፣ [ከላይኛው ፎቅ ፒያኖ]።

7. መብራት ሲሄድ

መሄዱን እንደ እርግጠኛ ነገር ያዙት። ፕሮጀክተሩና ላፕቶፑ ብቻ በዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ ስፒከር አትጨምሩበት። ዩፒኤሱ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች ለመሸፈንና ፕሮጀክተሩ በወጉ እንዲቀዘቅዝ እንጂ ፊልም ለማየት አይደለም። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር በድንገት ከጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ ሙቀቱ ውስጡ ይቀራል፣ አምፖሉም ዕድሜው ያጥራል።

ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ጭሱ ወደ ነፋሱ መሄጃ ይዙር። የሚገድለው የጭሱ ክፍል ሽታ የለውም። የቡና ከሰልም እንዲሁ ነው፤ በተዘጋ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ከሰል አይገባም፣ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ጄኔሬተሩን በቀጥታ በኤክስቴንሽን ተጠቀሙበት እንጂ ከሕንፃው መስመር ጋር አታገናኙት፤ መብራት ኃይል ሠራተኛ ፖል ላይ ሊሆን ይችላል። ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን አይጨመርም።

መብራት ሲመጣ አትቸኩሉ፤ ቮልቴጁ ይዋዥቃልና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ፊልሙን ስትቀጥሉ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ መልሱት።

8. የዕለቱ ቅደም ተከተል

* ሊጀመር 3 ሰዓት ሲቀረው፦ የፕሮጀክተሩን አየር ማጣሪያ ከአቧራ አጽዱ። ላፕቶፑን ከኢንተርኔት አቋርጡ፣ ቴሌግራምን ዝጉ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው አድርጉ።
* ሊጀመር 2 ሰዓት ሲቀረው፦ የፊልሙን መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ አጫውቱ። ሰብታይትል መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ መጨረሻ ላይ ሊዛነፍ ይችላል።
* ሊጀመር 1 ሰዓት ሲቀረው፦ ከእናንተ ውጭ የሆነ፣ ፊልሙን ያላየ ሰው መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጡና አምስት ቁራጭ ጮክ ብሎ ያንብብ። እናንተ ጽሑፉን በቃላችሁ ስለምታውቁት ፈተናው አይሠራላችሁም።
* በሩ ሲከፈት፦ ዕድሜ ገደቡን በትኬቱም በበሩም ለጥፉ። መሳሳም ካለ አስቀድሞ ይነገር። ትዕይንቱ ሲመጣ በፕሮጀክተሩ ፊት እጅ መጋረድ ከትዕይንቱ ይልቅ አዳራሹን ያሳፍራል፤ ቤተሰብ የሚመጣ ከሆነ ሌላ ፊልም ምረጡ።
* ከመጀመሩ በፊት፦ ሦስት ደቂቃ ተናገሩ። ታሪኩን አትንገሩ፤ የፊልሙን ሕግ ንገሩ። «በዚህ ፊልም ዕቃ ይናገራል፣ ማንም አይደነቅበትም» ማለት ይበቃል። ይህን ያልሰማ ሰው መጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች «ህልም ነው እውነት?» እያለ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ያልፋል።

መክሰስ ላይ ፈንዲሻ እንጂ ቆሎ አትሽጡ። 60 ሰው ቆሎ ሲቆረጥም ሹክሹክታ ያለበት ትዕይንት አለቀለት።

*ማንበብ ለሚያስቸግራቸው።* አረጋውያንና ሕፃናት ካሉ ለብቻው «የተነበበ» ማሳያ ያዙ። አንድ አንባቢ ማይክ ይዞ ስፒከሩ አጠገብ ተቀምጦ የሁሉንም ንግግር ያንብብ፤ የፊልሙ ድምፅ ይቀንስ እንጂ አይጥፋ። አንባቢው አይተውን፣ አያልቅስ፣ አይሳቅ። ሁለት ጊዜ ሳይለማመድ አይቀመጥ።

9. በመሃል ሲበላሽ

*ሳጥን ሳጥን ይታያል።* ፎንቱ ፊደላችን የለውም። ቀይሩትና ፊልሙን ዘግታችሁ ክፈቱ።

*ትርጉም የለሽ ምልክት ይታያል።* ኮድ አጻጻፉ ተሳስቷል፤ ወደ ዩቲኤፍ-8 መልሱ። ካልሠራ ፋይሉ በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ክፈቱና ይቅርታ ጠይቁ።

*ጽሑፉ ሁሌ በእኩል መጠን ይቀድማል ወይም ይዘገያል።* በቪኤልሲ ላይ ጽሑፉ ከዘገየ የጂ ቁልፍን፣ ከቀደመ የኤች ቁልፍን ተጫኑ፤ እያንዳንዱ ጫና 50 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስንት ጊዜ እንደተጫናችሁ ጻፉ።

*ልክ ይጀምርና እየራቀ ይሄዳል።* ሰብታይትሉ የተሠራው በሌላ የምስል ፍጥነት ነው። በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ኮፒ የተሠራ ጽሑፍ 23.976 በሚሄድ ኮፒ ላይ በ90ኛው ደቂቃ ወደ 4 ደቂቃ ይዛነፋል። ይህን ቁልፍ በመጫን አታሳድዱት። ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ነፃ ፕሮግራም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር ትክክለኛ ሰዓት ስትሰጡት መሃሉን ራሱ ያስተካክለዋል፤ አሥር ደቂቃ ዕረፍት አውጁና ሥሩት።

*ምስሉ አለ፣ ድምፅ የለም።* ድምፁ በኤችዲኤምአይ ወደ ፕሮጀክተሩ ሄዷል። በላፕቶፑ የድምፅ መውጫ ምርጫ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ መልሱት።

*ሰው መውጣት ጀመረ።* ፊልሙን አታቁሙ። ከየትኛው ረድፍ እንደሚወጡ እዩ። ከኋላ ከሆነ ጽሑፉን ወደ ላይ አንሡት፤ ከየቦታው ከሆነ ደቂቃውን መዝግቡ፣ እዚያ አካባቢ ያለው ትርጉም መታረም አለበት።

10. ካለቀ በኋላ

ፕሮጀክተሩን በቁልፉ አጥፉ፤ ማራገቢያው እስኪቆም ገመዱን አትንቀሉ። ጽሑፉን በቁልፍ ያስተካከላችሁበትን መጠን በኤስአርቲው ውስጥ በቋሚነት አስገቡ፤ ማጫወቻው ለሚቀጥለው ጊዜ ላያስታውሰው ይችላል። የታረመውን ፋይል ቀኑን በስሙ ላይ ጽፋችሁ በሁለት ፍላሽ አስቀምጡ። ስምምነቱ የማሳያ ቀን ገደብ ካለው ፊልሙን በዚያው ቀን ከላፕቶፑም ከፍላሹም አጥፉና ማጥፋታችሁን ለአከፋፋዩ በኢሜይል አሳውቁ።